መልሱ መልስ መሆኑን በምን እናውቃለን?

«የመንገድ ወንድም ነኝ። የመጨረሻ ፊደሌን ብትለውጡት በደለኝ እያልኩ እከስሳለሁ። ማን ነኝ?»

ይህን የሰማ ሰው በመጀመሪያ መንገድን ሊተኩ የሚችሉ ቃላትን ይሰበስባል፤ ፍኖት፣ ጥርጊያ፣ ፈለግ፣ ጎዳና። ቀጥሎ በደለኝን ይዞ ገፋኝ፣ አጠቃኝ፣ ጨቆነኝ፣ ጎዳኝ ይላል። ከሁለቱ ረድፎች በመጨረሻ ፊደል ብቻ የሚለያየው አንድ ጥንድ ነው፤ ጎዳና እና ጎዳኝ። ጠያቂው ገና «ልክ ነህ» ሳይል ፈቺው ልክ መሆኑን አውቋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ስለ ዓለም ከምናውቀው አብዛኛውን ያወቅነው ሰው ነግሮን፣ መጽሐፍ አንብበን ወይም በዓይናችን አይተን ነው። እዚህ ግን ማንም አልነገረንም፣ ያየነውም የለም፤ እርግጠኝነታችን ግን ካየናቸው ከብዙዎቹ ነገሮች ይበልጣል። ይህ እርግጠኝነት ከየት መጣ? ምን ያህልስ ሊታመን ይገባዋል?

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕላቶ «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ በሜኖ አፍ አንድ አስቸጋሪ ክርክር ያስነሣል። የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ? ቢያጋጥምህስ የፈለግኸው እርሱ መሆኑን በምን ትለየዋለህ? ካወቅኸው ፍለጋው ከንቱ ነው፤ ካላወቅኸው ደግሞ ብታገኘውም አትለየውም። ሶቅራጥስ ነገሩን ነፍስ ከመወለዷ በፊት ወደምታውቀው ዕውቀት ይወስደዋል፤ መማር ማለት ማስታወስ ነው ይላል። ስለ ሒሳብ ወይም ስለ በጎነት ይህን ማለቱ ያከራክራል። ስለ ቃል እንቆቅልሽ ግን ከዚህ የሚስማማ አነጋገር አላውቅም። ጎዳና የሚለው ቃል በፈቺው ዘንድ ከልጅነቱ ጀምሮ አለ። የጎደለው ቃሉ አይደለም፤ ከሚያውቃቸው ሺህ ቃላት መካከል የተጠራው የትኛው እንደሆነ ነው። መልሱን አያውቅም፣ የመልሱን ምልክቶች ግን ያውቃል። የሜኖ ክርክር የሚረሳው ይህን ነው፤ አንድን ነገር ሳያውቁ ምልክቱን ማወቅ ይቻላል።

ምልክቱ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአገራችንን እንቆቅልህ እንመልከት። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባልና ጠያቂው አንድ ምሳሌያዊ ገለጻ ይሰጣል። ነጭና ክብ ስለሆነ፣ በር ስለሌለው ነገር ተጠይቆ አንዱ እንቁላል ቢል፣ ሌላው ጨረቃ ቢል፣ ሁለቱም ከገለጻው ጋር ይስማማሉ። የሚዳኘው ጠያቂው ነው። ለዚህም ነው ያቃተው ሰው «አገር ስጠኝ» የሚባለው፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ መልሱን ይቀበላል። አገር የሚያስከፍለው ዕውቀቱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። የእንቆቅልህ ውበት በሌላ ቦታ ነው፤ የማይመሳሰሉትን ማመሳሰልን ለልጅ ያስተምራል። ማስረጃ በመስጠት በኩል ግን ደካማ ነው፤ ፈቺው ልክ መሆኑን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነውና።

በጎዳና እና በጎዳኝ የተሠራው እንቆቅልሽ ዳኛ አያስፈልገውም። የኦሪት ሕግ ነገር በአንድ ሰው ቃል አይጽና፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይቁም እንደሚል፣ እዚህም ሁለት ምስክር ቆሟል። አንዱ ትርጉም ነው፤ መንገድና በደለኝ ስለሚባሉት ይመሰክራል። ሁለተኛው ፊደል ነው፤ የሁለቱ ቃላት መልክ ከመጨረሻው በቀር አንድ መሆኑን ይመሰክራል። ለየብቻቸው ሁለቱም ምንም አያረጋግጡም። መንገድን የሚተኩ ቃላት ብዙ ናቸው፤ በመጨረሻ ፊደል ብቻ የሚለያዩ የአማርኛ ጥንዶችም ተቆጥረው አያልቁም። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ እርግጠኝነቱም የመጣው ከዚያ ጥበት ነው።

ሁለቱ ምስክሮች ተለያይተው ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚመች ጨዋታ አለ። ዓለም በሉዊስ ካሮል ስም የሚያውቀው፣ በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዶጅሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1877 የገና ሰሞን ሥራ ፈትተው ለተሰላቹ ልጃገረዶች ያወጣው ነው ይባላል። «ዳብሌትስ» ብሎ ሰየመው፤ በ1879 ደግሞ ቫኒቲ ፌር በተባለው የለንደን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው። ሁለት ቃላት ይሰጡሃል፤ ከአንደኛው ተነሥተህ በየደረጃው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጥህ፣ በመሐል ያለው ሁሉ እውነተኛ ቃል እየሆነ፣ ወደ ሁለተኛው ትደርሳለህ። ካሮል ካቀረባቸው አንዱ ራስን ወደ ጭራ መለወጥ ነበር። በእንግሊዝኛው አራት ቃላት በመሐል ይገባሉ፤ መፈወስ፣ የዳክዬ ዓይነት፣ መናገር፣ ረጅም የሚል ትርጉም ያላቸው።

ይህንኑ በአማርኛ ሞክሩት። ራስ፣ ጭስ፣ ጭራ። አለቀ። አንድ ቃል ብቻ በመሐል ገባ። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይበልጣል ብሎ ለመኩራት ሳይሆን፣ ምክንያቱ ለነገራችን ስለሚጠቅም እንቁጠረው። በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ያለው ቃል በእያንዳንዱ ቦታ 25 ሌላ ፊደል ሊገባበት ይችላል፤ በአንድ እርምጃ የሚደረስባቸው የፊደል ድርድሮች 100 ናቸው። የእኛ ገበታ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 33 በ7፣ ማለትም 231 ፊደላት አሉት። ራስ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ግን 230 ሌላ ፊደል ሊገባ ስለሚችል በአንድ እርምጃ 460 ድርድር ይደረስበታል። ብዙዎቹ ትርጉም የለሽ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ በሩ ሰፊ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ አምስት ፊደል ያላቸውን 5,757 የእንግሊዝኛ ቃላት መዝግቦ ጎረቤት ከጎረቤት ሲያገናኛቸው 671 የሚሆኑት በአንድ ፊደል ለውጥ ወደ የትም የማይደረስባቸው ሆነው ተገኙ። ክኑዝ ገለልተኛ በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጠራቸው፤ ያ ቃል ራሱ ከ671ዱ አንዱ መሆኑ የጨዋታው ቅመም ነው።

በካሮል ጨዋታ ትርጉም የሚፈለገው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው፤ ራስና ጭራ ተቃራኒ ስለሆኑ ጥያቄው ይጥማል። በመሐል ያለው ጭስ ግን ቃል ከመሆኑ በቀር ማንም ስለ ትርጉሙ አይጠይቀውም። ስለዚህ ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም፤ አጭርና ረጅም መንገድ ብቻ አለ። ቀንን ወደ ሌት አድርሱ ብንል አንዱ ቀን፣ ቀና፣ ገና፣ ገባ፣ ሌባ፣ ሌት ይላል፤ ሌላው ቀን፣ ቀባ፣ ሌባ፣ ሌት ብሎ ያሳጥረዋል። ሁለተኛው ጎበዝ ነው እንጂ የመጀመሪያው አልተሳሳተም። ፊደል ብቻውን ሲመሰክር የሚያሳየው መሄጃ እንጂ መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ያቆመኛል። ቀን ወደ ቀባ ሲለወጥ የተለወጠው በእርግጥ አንድ ፊደል ነው? ን ሳድስ ነው፣ ባ ራብዕ ነው፤ ተናባቢውም አናባቢውም ተለውጧል። ላቲን ጸሐፊ ቢሆን ሁለት ለውጥ ብሎ ይቆጥረው ነበር። ቀን ወደ ቀና ሲሆን ግን የተለወጠው አናባቢው ብቻ ነው፤ ቀና ወደ ገና ሲሆን ተናባቢው ብቻ። ጥብቅ ሕግ አውጥተን «በአንድ እርምጃ አንዱን ብቻ ለውጡ» ብንል ረጅሙ መንገድ እስከ ገባ ድረስ ይወስደንና ከገባ ወደ ሌባ መሻገሪያ ያሳጣናል፤ ገ ግዕዝ፣ ሌ ኃምስ ነውና። የፊደል አንድነት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጥልቅ ነው። ዓይን አንድ ያየዋል፣ ጆሮ ሁለት ይሰማዋል። እኔ በዓይን ሕግ እፈርዳለሁ፤ ምክንያቴም ፊደል የቆጠረ የአማርኛ ልጅ ባን የሚያውቀው እንደ አንድ ቁራጭ እንጂ እንደ ሁለት ድምፅ ድምር ስላልሆነ ነው። ዓይን ከተሾመ ግን ሞክሼ ፊደላትም መብት ያገኛሉ። በግዕዝ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሰረቀ ሌባ ነው፤ በንጉሡ ሠ የተጻፈ ሠረቀ ፀሐይ ናት፣ ወጣች ማለት ነው። ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። «ስሰርቅ በእሳት፣ ስወጣ በንጉሥ» ብሎ እንቆቅልሽ ለሚያወጣ ሰው ይህ ሀብት ነው። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ከሚያስከፍሉን ዋጋ ይህን የሚቆጥርላቸው ሰው አላየሁም። ትንሽ ዋጋ ነው፣ ግን ዋጋ ነው።

ሁለቱ ምስክሮች አንድ ላይ እንዲቆሙ በሕግ የደነገጉት የእንግሊዝ የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጆች ናቸው። የጨዋታውን ገበታ የጀመረው አርተር ዊን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ኒው ዮርክ ወርልድ በተባለው ጋዜጣ ነበር። የዊን ፍንጭ ግን ተራ ፍቺ ነው፤ ትርጉም ብቻውን ይመሰክራል፣ የሚያግዙት የሚያቋርጡት ቃላት ፊደላት ናቸው። ፍንጩን ራሱን ድርብ ያደረጉት ከ1920ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ የተነሡት ናቸው። በኦብዘርቨር ጋዜጣ ቶርኬማዳ በሚል ስም የሚያዘጋጀው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ፣ ከእርሱም በኋላ ዚሜኒስ በሚል ስም የቀጠለው ዴሪክ ማክነት ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም ስሞች ከስፔን የሃይማኖት መርማሪዎች የተወሰዱ መሆናቸው ስለ ፈቺዎቹ ስቃይ የሚያውቁት ነገር እንደነበር ያሳያል። በእነርሱ ሥርዓት አንድ ፍንጭ መልሱን ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ በትርጉም፣ አንድ ጊዜ በፊደል፤ ፊደል በመለወጥ፣ በማገላበጥ፣ በመጨመር ወይም በመቀነስ። ማክነት በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው ለፍትሕ ነው። አዘጋጁ ፈቺውን ሊያሳስት ይፈቀድለታል፤ ላይ ላዩን ሌላ ነገር የሚመስል ዐረፍተ ነገር ሊሠራ ይችላል። ቃሉ በቀጥታ ሲነበብ ግን ያለው ነገር እውነት መሆን አለበት። ማሳሳት ይቻላል፣ መዋሸት አይቻልም።

ወደ ምስክሮቹ ልመለስ። ሁለት ምስክር ዋጋ የሚኖረው ሳይመካከር ሲመጣ ነው። የተመካከሩ እንደሆነ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተናገረ ማለት ነው። ትርጉምና ፊደል ይመካከራሉ ወይ? ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ከሞተ በኋላ በ1916 በታተመው የትምህርቱ መጽሐፍ የቃል ድምፅና የቃል ትርጉም የተገናኙት በልማድ እንጂ በተፈጥሮ አይደለም ብሏል። መኪና የሚሄድበት ሰፊ ስፍራ ጎዳና መባሉ ከስፍራው ባሕርይ አልመነጨም፤ ሌላ ስም ቢወጣለትም ያው በሆነ ነበር። እንግዲህ ጎዳና ከጎዳኝ ጋር በመልክ መቀራረቡን ትርጉም አላዘጋጀውም። ቋንቋ በዚህ ረገድ ዕውር መሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይነገራል፤ ለእንቆቅልሽ ፈቺ ግን መተማመኛው ይህ ዕውርነት ነው። ቃላት የነገሮችን ባሕርይ የሚመስሉ ቢሆኑ ኖሮ ፊደል የትርጉምን ቃል ይደግም ነበር እንጂ አዲስ ነገር አይመሰክርም ነበር።

ሶሲር በፈረንሳይኛ ሲያስብ ያልገጠመው ችግር ግን በአማርኛ ይገጥመናል። አማርኛ የሥር ቋንቋ ነው። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት በአናባቢ እየተለዋወጡ አንድ ሐሳብ ይዘው ይዞራሉ። አንድ ሰው ተነሥቶ «አጥፊ ነኝ፤ የመጨረሻ ፊደሌን ብትለውጡ የጠፋሁት እኔው እሆናለሁ፤ ሰባሪና ሰባራ» ቢል እንቆቅልሽ አወጣ አይባልም፤ ሰዋስው ደገመ እንጂ። ፈቺውም ልክ መሆኑን ቢያውቅም ምንም አይሰማውም። ምስክሮቹ ዘመዳሞች ናቸውና። ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፤ የአማርኛ የፊደል ለውጥ እንቆቅልሽ ከአንድ ሥር ከተወለዱ ቃላት መሠራት የለበትም። በዚህ ሚዛን «የዝና መንታ ነኝ፤ ሳድሴን ወደ ግዕዝ ብትመልሱት እበራለሁ» የሚለው ያልፋል፤ ስም እና ሰም በሥር አይገናኙም። ጆሮና ዶሮም ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ፊደሉ ምንም ሳይለወጥ ቃሉ ሲለወጥ ነው። ገና ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ዋና ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚቀድም ነው። ሽፍታ እንደ አነባበባችን ወይ ጫካ ይገባል ወይ ቆዳ ላይ ይወጣል። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያመለክት የፊደል ምስክር እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ጆሮ ብቻ ነው። ቅኔ ቤት ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። በኅብር የሚዘርፍ ባለቅኔ አንዱን ቃል ሳይነካ በማጥበቅና በማላላት፣ ወይም ቦታ ቀይሮ በመቁረጥ፣ ሰሙን ከወርቁ ያገናኛል። ፈቺው ዓይኑን ትቶ በጆሮው ካልሄደ ወርቁ አይወጣለትም። ቅድም ዓይንን መሾሜን አልሻርም፤ ግን ዓይን ብቻውን የሚዳኝበት ችሎት ከቅኔ ቤት ይልቅ ለጋዜጣ ገበታ እንደሚሆን እቀበላለሁ።

ስለ ትርጉም ምስክርም ትንሽ ልበል፤ እስካሁን እንደ ታማኝ አድርጌ አቅርቤዋለሁና። ተመሳሳይ ቃላት የሚባሉት በእርግጥ ተመሳሳይ አይደሉም። መንገድ ወጣ የተባለ ሰው ስንቅ ይዞ ተሰናብቶ ሄዷል፤ ጎዳና ወጣ የተባለ ግን ቤት አጥቷል። መንገድ ላይ ነኝ ብሎ በስልክ የሚናገር ሰው ቀጠሮ አርፍዷል፤ ጎዳና ላይ ነኝ ቢል ግን ሰሚው ይደነግጣል። ቤትን ጎጆ ብትሉት ድሀ ታደርጉታላችሁ፣ አዲስ ተጋቢዎች ስለወጡት ካላወራችሁ በቀር። ስለዚህ «የመንገድ ወንድም ነኝ» ሲል እንቆቅልሹ ሙሉ እውነት አልተናገረም። ይቅር የምንለው ፊደሉ ስለሚያርመው ነው። የትርጉም ምስክር ቢያወላዳም ሁለተኛው አጥብቆ ይይዘዋል፤ ፊደሉ ብዙ አማራጭ ቢሰጥ ደግሞ ትርጉሙ ያጠበዋል። አዘጋጅ ትርጉሙን እስከ ምን ድረስ መለጠጥ እንደሚችል የሚወስነው እንግዲህ መዝገበ ቃላት ሳይሆን የፊደሉ ጥብቀት ነው። ረጅም ቃል ላይ ብዙ መለጠጥ ይቻላል፣ ረጅም ቃል ጎረቤት የለውምና። በሁለት ፊደል ቃል ላይ መለጠጥ ግን ማጭበርበር ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ ደረስን። ጎዳናና ጎዳኝ የሚለውን መልስ ያገኘ ሰው በደስታው መሐል አንድ ሐሳብ ሽው ሊልበት ይችላል፤ «እውነትም ጎዳና ይጎዳል፤ በጎዳና ያደሩትን ልጆች ተመልከቱ፤ ቃሉ ያውቅ ነበር!» ይህን ፈተና የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ ብዬ አላምንም። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የሰውና የቦታ ስም እየሰነጠቅን፣ ፊደል እየጨመርንና እየቀነስን፣ ዕጣ ፈንታና ታሪክ እናወጣለን። ፕላቶ «ክራቲለስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን በዚሁ ሥራ ላይ አሰማርቶታል፤ ሶቅራጥስ የአማልክትንና የምግባርን ስሞች ፊደላቸውን እየለወጠ ለብዙ ገጽ ይተረጉማቸዋል። መሐል ላይ ግን ያስጠነቅቃል፤ ፊደል እንደ ልብ መጨመርና መቀነስ ከተፈቀደ ማንኛውም ስም ለማንኛውም ነገር ሊገጥም ይችላል። ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ዛሬም አልተጻፈም።

ታዲያ ያው ግጥጥሞሽ በእንቆቅልሹ ውስጥ ማስረጃ፣ ከእንቆቅልሹ ውጭ ከንቱ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱ በቃሎቹ አይደለም፤ በተሰጠ ቃል ኪዳን ነው። እንቆቅልሽ ያወጣ ሰው «እዚህ አንድ ነገር አኑሬአለሁ፣ ፈልጉ» ብሎ ገብቶልናል። ግጥጥሞሽ ስናገኝ ያኖረው ይህ ነው ብለን የምንደመድመው በዚያ ምክንያት ነው። ዓለም ግን እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠንም። ከብዙ ሺህ ቃላት መካከል ገጣጥመን ብንፈልግ የሚገጥሙ ጥንዶች በብዛት ይገኛሉ፤ እኛ ደግሞ ትርጉም ያላቸው የሚመስሉትን መርጠን እንይዛለን። ቅድም ያደረግነውን አስታውሱ። ከቀን ወደ ሌት ስንሄድ ሌባ ከሌት አጠገብ ቆሞ አገኘነው፤ «እንዴት ያለ ምሥጢር ነው» ለማለት ይቃጣል። ከራስ ወደ ጭራ ስንሄድ ግን ጭስ በመሐል ገባ፤ ስለ እርሱ ማንም ምሥጢር አልጠየቀም። ሁለቱም ያው ዕጣ ናቸው። የሌባውን ይዘን የጭሱን መጣላችን ስለ እኛ ይናገራል እንጂ ስለ ቋንቋው አይናገርም።

ባለቅኔ ከዚህ ፍርድ ነፃ ነው፤ ነፃ የሚያወጣውም ያው ቃል ኪዳን ነው። የጎዳናና የጎዳኝን መቀራረብ ቋንቋ በዕውርነቱ ቢሰጠውም ባለቅኔው አውቆ ያነሣውና ኃላፊነት ይወስድበታል። ጎዳና ሰውን እንደሚጎዳ የሚያውቀው ከኑሮ ነው፣ ከፊደል አይደለም፤ ፊደሉ ያወቀውን የሚያስቀምጥበት ሰም ሆነለት። የእንቆቅልሽና የቅኔ ልዩነትም እዚህ ላይ ይታየኛል። እንቆቅልሽ ሲፈታ ፍንጩ ይጣላል፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ «የመንገድ ወንድም» የሚለውን ማንም ደግሞ አያነበውም። ቅኔ ሲፈታ ግን ሰሙ አይጣልም። ወርቁን ያየ ሰው ተመልሶ ሰሙን ያያል፣ ያን ጊዜም ይበልጥ ይጥመዋል።

እስካሁን እንዳልኩት ግጥጥሞሽን ማስረጃ የሚያደርገው የአዘጋጁ ሐሳብ ከሆነ፣ አንድ ተቃውሞ መመለስ አለብኝ። እንዲህ የሚል እንቆቅልሽ አወጣሁ እንበል፦ «የሰው አካል ነኝ፤ የመጀመሪያ ፊደሌን ብትለውጡ ከፀሐይ አስጠልላለሁ።» ያሰብኩት ራስ እና ዳስ ነው። ፈቺው ግን ፊት እና ቤት ብሎ መለሰ። ምስክሮቹ ሁለቱም ለእርሱም ቆመዋል። ማን ያሸንፋል? ሐሳቤ ዳኛ ከሆነ እኔ አሸናፊ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ወደ እንቆቅልህ ተመለስን ማለት ነው፣ ፈቺውም አገር ሊሰጠኝ ነው። አይሆንም። አዘጋጅ ቃል የሚገባው ከዐረፍተ ነገሩ የሚወጣ መልስ እንዳለ ነው እንጂ በልቡ ያለውን እንዲገምቱለት አይደለም። ሐሳቡ ጨዋታውን ለመክፈት አስፈላጊ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ዐረፍተ ነገሩ ከእጁ ይወጣል። ፈቺው ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ፣ ጥፋተኛው እንቆቅልሹ ነው። በሁለት ፊደል ቃል ላይ ሰፊ ትርጉም ጣልኩበት፤ ምስክሮቹ ርካሽ ሆኑ። የቅኔ መምህርም ተማሪው ሳያስበው የገባበትን ሦስተኛ ፍቺ ቢያገኝለት ተማሪው «እኔ አላልኩም» ማለት አይችልም፤ ብሏል።

መድኃኒቱ ሦስተኛ ምስክር መጨመር ነው። «የሰው አካል ነኝ፤ የመጀመሪያ ፊደሌን ብትለውጡ ከፀሐይ አስጠልላለሁ፤ ሠርግ ሲደርስ እጣላለሁ።» ቤት ለሠርግ አይጣልም፣ ዳስ ግን ይጣላል፤ ፊት ከጨዋታው ወጣ። አዲሱ ምስክር ግን ብቻውን አልመጣም። እጣላለሁ ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነው። ፈቺው አሁን ከዳሱ በፊት፣ ሠርግ በደረሰ ቁጥር ከዘመድ የሚጣላ የሰው አካል የትኛው እንደሆነ ያስባል፤ ብዙዎችም ምላስ ነው ብለው ይጀምራሉ።